ሁለት አስ ይዤ እንዴት እንደተበላሁ

ይሄን ነገር ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሁለት ወር ቆየሁ። ተማሪዎቼ እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የአንዳንዶቻችሁ ወላጆችም አላችሁ። ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ብትሰሙት ይሻላል። አዎ፣ የሒሳብ መምህራችሁ በካርታ ተበልቷል። ያውም የእቁብ ብር።

ነገሩ የጀመረው ዘንድሮ ለገና ነው። የጓደኛችን ወንድም ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ስሙን ልተወውና ዲያስፖራው እንበለው፣ እኛም እንደዛ ነው የምንለው። እዚያ ኡበር ይነዳል፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ናሽናል ሃርበር ያለው ካዚኖ ሄዶ ፖከር ይጫወታል። ሻንጣው ውስጥ ካርታ ይዞ ነበር፣ ያስተምረን ጀመር። በፈረንጆቹ 2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ የዓለምን ትልቁን የፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር እንደወሰደም ነገረን። "የሒሳብ ሠራተኛ" ሲል ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። በዲፕሎማ ሃይስኩል የሚያስተምር፣ ዲግሪውን በየክረምቱ "ዘንድሮ እጨርሳለሁ" እያለ የሚዝት ሰው ሲከበር ደስ ይለዋል።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይይዛል። መሬት ላይ ደግሞ ለሁሉም የሚያገለግል አምስት ካርታ ይገለጣል። መጀመሪያ ሦስቱ ባንዴ፣ ይሄ ፍሎፕ ይባላል፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ የመጨረሻው አንድ። በየመሃሉ ብር ይቀመጣል። ከሰባቱ ካርታ የተሻለ አምስት ያወጣ ይበላል። ሁለት ጥንድ ከአንድ ጥንድ ይበልጣል፣ ሦስት አንድ ዓይነት ከሁለት ጥንድ፣ አምስት ተከታታይ (ስትሬት) ከሦስት አንድ ዓይነት፣ አምስት ባለ አንድ ምልክት (ፍላሽ) ከስትሬት ይበልጣል። ከዚያ በላይም አለ፣ ለዛሬ ግን ይሄ ይበቃናል።

የጥምቀት ማግስት ማታ አምስት ሆነን ተቀመጥን። ዲያስፖራው፣ የፊዚክሱ መምህር፣ ጋሼ (ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው)፣ አይሱዙ የሚነዳ ልጅ ደግሞ አለ፣ እሱንም አይሱዙ ነው የምንለው። እኔ ፊት ለፊቴ 4,800 ብር ነበረኝ። ከዚህ ውስጥ 3,000ው እሁድ መሰጠት ያለበት የቤታችን እቁብ ነው። ባለቤቴ አርብ ዕለት "ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው" ብላ የሰጠችኝ።

ካርታ ታደለ። ቀስ ብዬ ጫፉን ሳነሳ ሁለት አስ።

ሁለት አስ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚደርሰው። ልቤ መምታት ጀመረ። 200 ብር አስቀመጥኩ፣ አራቱም ተከተሉኝ። መሃል 1,000 ብር ሆነ። ዲያስፖራው ፍሎፑን ገለጠ፦ 10፣ 9፣ 8። አስሩና ዘጠኙ ባለ ልብ ናቸው። የኔ አሶች አንዳቸውም ባለ ልብ አይደሉም።

እኔ ያየሁት ግን ይሄን አይደለም። እኔ ያየሁት "ከ10 የሚበልጥ ጥንድ አለኝ" የሚለውን ብቻ ነው። 600 አስቀመጥኩ። ዲያስፖራውና ፊዚክስ ጣሉ። አይሱዙ 1,800 አደረገው። ጋሼ መሬቱን ትንሽ አዩና ጣሉ። እኔ ያለኝን 4,600 በሙሉ ገፋሁት። አይሱዙ አንገቱን አከክ አከክ አደረገና "እሺ፣ አብረን እንሂድ" ብሎ ቀሪውን 2,800 ጨመረ። ካርታውን ገለጠ፦ ኪንግ እና ጃክ፣ ሁለቱም ባለ ልብ።

ሳየው ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። ጥንድ እንኳ የለውም! ቀጣዩ ካርታ 2 መጣ፣ ምንም። የመጨረሻው 7። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፣ ጃክ። 10,200 ብሩን አይሱዙ በሁለት እጁ ሰበሰበው።

"ዕድል ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ያለ ምንም ገብተህ በዕድል በላኸኝ!" አይሱዙ ዝም አለ። ዲያስፖራውም ዝም። ጋሼ ናቸው የተናገሩት። "እኔ እኮ ሁለት ኪንግ ነበረኝ" አሉ። "ምነው ታዲያ ጣሉት?" አልኳቸው። "አንተን ፈርቼ አይደለም ልጄ። መሬቱን ፈርቼ ነው።"

ቤት ገብቼ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ በተማሪ ደብተር ጀርባ ቆጠርኩ። ዕድል መሆኑን ለማረጋገጥ ነበር ሐሳቤ።

በመጀመሪያ፣ በዚያ መሬት ላይ እኔን አስቀድሞ ያሸነፈኝ እጅ ስንት ነው? ስትሬት የሞላለት፦ ኩዊንና ጃክ 16 ዓይነት፣ ጃክና 7 16፣ 7ና 6 16። አርባ ስምንት። ሦስት አንድ ዓይነት ያለው፦ 9። ሁለት ጥንድ ያለው፦ 27። ድምሩ 84። ከማላያቸው 47 ካርታዎች ሁለት ሁለት ሲወሰድ 1,081 ጥምረት ይወጣል። 84 ለ1,081፣ ስምንት በመቶ እንኳ አይሞላም። ደስ አለኝ! ልክ ነበርኩ ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ ገባኝ። ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት የተናገርኩትን ነገር እራሴ ረስቼዋለሁ። 1,081ዱ ሁሉ በእኩል ዓይን አይታዩም። ኪንግና 2 የያዘ ሰው በዚህ መሬት ላይ 1,800 ብር አይጨምርም፣ ጥሎ ሻዩን ይጠጣል። ሰውየው ብሩን በጨመረ ቁጥር ከታች ያለው ቁጥር፣ ታህቱ፣ ይቀንሳል። ላዕሉ ግን ብዙም አይነካም፣ ምክንያቱም የሚጨምሩት እነዚያው 84ቱ ናቸው፣ እንደ አይሱዙ ብዙ ተስፋ ያላቸው ደግሞ ከጎናቸው። መሬቱ ኪንግ፣ 7፣ 2 ቢሆን፣ ምልክታቸውም ሦስት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ስትሬት የለ፣ ፍላሽ የለ። አንድ ኪንግ ይዞ የሚከተለኝ ሰው የሚያድነው አምስት ካርታ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ካርታ እስኪወጡ ከመቶ 21 ጊዜ ያህል ነው የሚሳካለት። 10፣ 9፣ 8 ግን ተያይዘው የቆሙ ናቸው። ሰው ደግሞ ሁለት ካርታ ይዞ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ተቀራራቢ ሲሆንለት ነው፤ ጃክና ኩዊን፣ 10ና 9፣ 7ና 6። እንዲህ ያለ መሬት ደግሞ ለእነሱ የተሠራ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቀጣዩ ካርታ ምን ቢሆን ነው የምፈራው? ኩዊን፣ ጃክ፣ 7 እና 6 አራት አራት፣ 16። ከነሱ ሌላ ባለ ልብ 7። መሬቱን ጥንድ የሚያደርጉ 10፣ 9፣ 8 ደግሞ ሌላ 8። ድምሩ 31። ከ47 ካርታ 31ዱ ሲመጣ ፊቴ ሊቀየር ይገባል ማለት ነው። በሰላም ቁጭ የምልባቸው 16 ብቻ ናቸው። ከነሱ ውስጥ አንዷ አስ ናት።

ሦስተኛውን ስቆጥር ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አይሱዙን የሚያድኑት ካርታዎች፦ ባለ ልብ 9፣ ባለ ልብ ያልሆኑ ኩዊን 3፣ ባለ ልብ ያልሆኑ 7 ደግሞ 3። አሥራ አምስት። ሁለት ካርታ ገና ይወጣል። ሁለቴም የመሳት ዕድሉ 30 ለ45 ሲባዛ በ29 ለ44፣ ወደ 44 በመቶ። ቢያንስ አንዴ የማግኘቱ ደግሞ 56። ያ "ምንም የለውም" ብዬ የሳቅሁበት ልጅ እኔን ይበልጠኝ ነበር! 2,800 ብር ጨምሮ 7,400 ሊያገኝ፣ ሒሳቡ እንዲያዋጣው ከመቶ 28 ጊዜ ቢሳካለት በቂው ነበር።

(ይቺ 56 በነገራችን ላይ ተከታትላኛለች። ሁለት አስ ከአንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከመቶ ወደ 85 ጊዜ ያሸንፋል። አራት ሰው ሲገባበት ግን ወደ 56 ይወርዳል። ማለትም ገና ካርታ ሳይገለጥ፣ 200 ብር ብቻ አስቀምጬ አራቱንም ስጋብዝ ነው ችግሩ የጀመረው።)

አይሱዙን በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ኧረ ቲቸር ምንም አይደል" አለኝ። እንዴት እንደገባ ስጠይቀው "ብዙ ነገር ነበር ሊመጣልኝ የሚችለው" አለ። ፕሮባቢሊቲ ሳልማር፣ 15 ሳልቆጥር፣ ያወቀው እሱ ነው።

የእቁቡን ብር ከፊዚክሱ መምህር ተበድሬ እሁድ ሰጠሁ። ለባለቤቴ ሦስት ቀን ዋሸሁ። በአራተኛው ቀን ነገርኳት፣ ደብተሩንም አሳየኋት፣ ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ፣ ሒሳቡ የሚያጽናናት መስሎኝ ይሆናል። ዝም ብላ አየችው። "ከአርባ ሰባት ሰላሳ አንዱ የሚያስፈራህ ከሆነ፣ ለምንድነው የኔን ብር ጭምር ያስቀመጥከው?" አለችኝ። "አስ ነበረኝ" አልኩ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል የምትናገረኝ በልጃችን በኩል ነበር። "አባትህን ራት ቀርቧል በለው።"

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ከቤቲንግ ቤት ሲወጣ አገኘሁት። እጁ ላይ ስምንት ጨዋታ የተመደረደበት ወረቀት ይዟል። በፊት ቢሆን አስቆሜው ስምንቱን ዕድል አንድ ባንድ አባዝቼ አሳየው ነበር። አሁን ግን አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እሱ "ቲቸር እንዴት ነዎት" ብሎኝ አለፈ። ይሄ ነገር ከ4,800 ብሩ በላይ አሞኛል፣ እስካሁንም ያመኛል። ልጁ ይሄን ካነበብክ ሰኞ ና፣ ወረቀቱንም ይዘህ ና።

በብር መጫወት ትቻለሁ። ዲያስፖራው ከሄደ በኋላ በባቄላ ነው የምንጫወተው፣ ያውም እኛ ቤት፣ ባለቤቴ ባለችበት። ባለፈው እሁድ ሁለት ጃክ ይዤ ፍሎፑ 7፣ 6፣ 5 ሆነ። እኔ አሥር ባቄላ አስቀመጥኩ። ጋሼ፣ በሕይወታቸው ጨምረው የማያውቁት ጋሼ፣ ሠላሳ አደረጉት። መሬቱን አየሁ። እሳቸውን አየሁ። ጃኮቼን በግንባራቸው ደፍቼ ጣልኳቸው።

"ምን ነበረዎት ጋሼ?" አልኩ።

ካርታቸውን ከሌላው ጋር ቀላቀሉት። "ለማየት ይከፈላል" አሉና ቡናቸውን አነሱ። 9ና 8 ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለቤቴ ከጀርባዬ ሆና የቀረኝን ባቄላ ትቆጥራለች።