በሴን ወንዝ ዳር የዋልንበት ቀን

የፈረንሳይ ዋና ከተማ ፓሪስ ወንዝ መካከሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ወንዙ ሴን ይባላል። እኛ በአንገረብና በቀሃ መካከል ተወልደን ያደግን የጎንደር ሰዎች ስለ ሆንን፣ ወንዝ ሲባል የምናውቀው በክረምት እያጓራ የሚወርደውን፣ በበጋ ግን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተራመዱ የሚሻገሩትን ነው። ሴን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ግራና ቀኙ በጥርብ ድንጋይ ታጥሮ፣ ጀልባ ተሸክሞ፣ እንደ ሽማግሌ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ በዳሩም ሰው ሁሉ ሥራ እንደ ሌለው ተቀምጦ ያየዋል። እኛም አንድ ቀን ሥራ እንደ ሌለው ሰው ሆነን በዚህ ወንዝ ዳር ውለን ነበርና፣ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ ወደድን።

ወደዚያ አገር የወሰደን ለመምህራን የተዘጋጀ የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ነው። ትምህርት በሌለበት በአንድ ሐሙስ ቀን ከተማውን ሊያሳየን የመጣው ደግሞ በአራዳ ሳለን ፊደል ያስቆጠርነው፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያስተማርነው ልጅ ነበር። ዛሬ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ በፓሪስ ይኖራል። እኛን ግን አሁንም «የኔታ» ብሎ ይጠራናል። ስምንት ዓመት የሞላት ልጁም የተጸውዖ ስማችን መስሏት «የኔታ» እያለች ቀኑን ሙሉ ስትከተለን ዋለች።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። በዚያ አገር በክረምታችን ወራት ፀሐይ ለመጥለቅ የማትቸኩል ስለ ሆነች፣ የምሽቱ 3 ሰዓት እስኪቀርብ ድረስ ቀን ነው። ሰዓታቸውም ወደ ፊት የተገፋ በመሆኑ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ልጃችን ይህን አስቦ፣ «የኔታ፣ ዘጠኝ ሰዓት የምንለው በእጅ ሰዓት ነው ወይስ በፀሐይ?» ብሎ ጠየቀን። ሊቃውንት የጻፉበትን አላየንምና በድፍረት ፈረድን፤ ትንሿ ልጅ በእጅ ሰዓት፣ እኛ ትልልቆቹ በፀሐይ እንሂድ አልነው። ልጅቱ ፍርዱን ወደደችው።

ጉዞውን የጀመርነው ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ከሚያቅፋት ደሴት ነው። በዚያ ላይ ኖትር ዳም የሚባለው ታላቁ የካቶሊኮች ካቴድራል ቆሟል። ኖትር ዳም ማለት በቋንቋቸው እመቤታችን ማለት ነው፤ በፍልሰታ ከዚያ መጀመራችንም ደስ አለን። ሕንፃው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1163 ገደማ ነው፤ ይኸውም ቅዱስ ላሊበላ ከመንገሡ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን እሳት ተነሥቶ ጣራውን እንዳለ በላው፤ ረጅሙ ጕልላትም ተሰብሮ ወደቀ። ከብዙ አገር ሰዎች ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አዋጡ፤ ለጣራው እንጨት ከፈረንሳይ ደኖች ከ1,000 በላይ ትልልቅ ዛፎች ተቈረጡ፤ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በሩ እንደገና ተከፈተ። ሌላው ጎብኚ በባለ ቀለም መስተዋቶቹ ሲደነቅ እኛ አንገታችንን ቀና አድርገን ጣራውን ስናይ ቈየን። በደብር ያደገ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ዓይኑ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጣራ ነው፤ በክረምት ውኃ የት እንደሚያፈስስ ያውቃልና።

ከደሴቲቱ ጫፍ ፖን ኔፍ የሚባል ድልድይ አለ። ትርጕሙ «አዲሱ ድልድይ» ማለት ሲሆን፣ በከተማው ካሉት ድልድዮች ሁሉ የሚያረጀው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1578 ተጀምሮ በ1607 ተመርቋል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቈረቈሩት በ1636 ስለ ሆነ፣ አዲሱ ድልድይ ከከተማችን በ29 ዓመት ይበልጣል። እኛም በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት በዓባይ ላይ የቆመ የድንጋይ ድልድይ አለን፤ ነገር ግን ስሙ ሰባራ ድልድይ ነው። ስምና ግብር በሁለቱም አገር እንዲህ ነው።

በወንዙ ግንብ ላይ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች አረንጓዴ ሣጥኖቻቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ለመምህር ይህ አደገኛ ስፍራ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከዚያ ጠፋብን፤ ከኪሳችንም ጥቂት ጎደለ። ከዚያ ጀልባ ተሳፍረን ወደ ታች ወረድን። የሉቭር ቤተ መንግሥት በቀኛችን አለፈ፤ ድልድዮቹም አንድ በአንድ በራሳችን ላይ አለፉ፤ ልጅቱ በየድልድዩ ሥር ስትጮኽ የገደል ማሚቶው ይመልስላታል።

ጀልባው ያወረደን ኤፌል ከሚባለው የብረት ግንብ ሥር ነው። ቁመቱ 330 ሜትር ነው። ወደ ላይ ለመውጣት የተሰለፈውን ሰው ባየን ጊዜ ከታች ማየቱ ይበቃናል አልን። ግንቡ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1889 መሆኑን ሲነግሩን ግን አንድ ነገር ትዝ አለን። ያ ብረት እየተቀጣጠለ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ጎንደር በጥር 1880 ዓ.ም. በደርቡሽ እሳት ትነድ ነበር። ከአብያተ ክርስቲያናቷ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

ፀሐይዋ በተስማማንበት ስፍራ ስትደርስ በወንዙ ዳር ሣር ላይ ተቀምጠን ዳቦና ቲማቲም፣ ወይራና ኮክ በላን። ትንሿ ልጅ ከሁለት ሰዓት በፊት ጾሟን ፈትታ ስለ ነበር እኛን ታስተናግደን ጀመር። ከዚህ ወዲያ የቀረን ወደ ማረፊያ መመለስ መስሎን ነበር። ልጃችን ግን፣ «የኔታ፣ አንድ ቤት ቀርቶናል፤ ሐሙስን የመረጥሁት እስከ ምሽት ስለሚከፈት ነው» አለን።

ቤቱ በዚያው በወንዙ ዳር የሚገኘው ኬ ብራንሊ የሚባል ቤተ መዘክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተ ሲሆን፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከኦሺያኒያና ከአሜሪካ የተሰበሰቡ ቅርሶች ይታዩበታል። ብርሃን አሮጌ ቀለምን ስለሚጎዳ ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው። በአፍሪካ ክፍል በጭምብልና በተቀረጸ እንጨት መካከል ስንሄድ ቈይተን፣ ድንገት የምናውቃቸው ዓይኖች ተመለከቱን። ትልልቆች፣ ጥቋቁሮች፣ ወደ ጐን የሚያዩ የጎንደር ዓይኖች ነበሩ። በፈረስ የተቀመጡ ሰማዕታት ቀይና ቢጫ በሆነ ሜዳ ላይ ቆመዋል። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ናቸው።

አባ እንጦንስ በከተማችን ካሉት አድባራት አንዱ ነው። የተከሉት ጻድቁ ዮሐንስ የሚባሉት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ናቸው፤ የነገሡትም እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 ነው። ሥዕሎቹም የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ጥላ የላቸውም፣ ቀለማቸው ንጹሕና ደማቅ ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ለስላሳና ጥላ ያለው አሣሣል ገና አልተጀመረም። እንደ አገራችን ልማድ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ነበሩ፤ ስለዚህም ከግድግዳ ሊላቀቁ ተቻለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርሴል ግሪዮል የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ የመራው፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠ የምርምር ጉዞ በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገባ፤ አምስት ወር ያህልም ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ አባ እንጦንስ ያረጀ ነበር፤ ዝናብም ሥዕሎቹን ያበላሻቸው ነበር። ቤቱ ሊታደስ፣ በአሮጌው ሥዕል ፈንታም አዲስ ሊለጠፍ ስምምነት ሆነ። ከጉዞው አባላት ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ አሮጌውን አይቶ ቅጂ ሣለ፤ ቅጂው ጎንደር ቀረ፣ አሮጌው ፓሪስ ሄደ። ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም አብረው ሄዱ። ሌላው የጉዞው አባል ሚሼል ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934 አሳትሞ የሆነውን ሁሉ ጽፏል። ሥዕሎቹ ብዙ ዘመን ከወንዙ ማዶ በሌላ ቤተ መዘክር ቈይተው ነው ወደዚህ የተሻገሩት።

ይህን ስናስብ ወዲያው ቍጣ መጣብን፤ ለመቈጣትም ምክንያት አለ። በተራበ ሰው እጅ ያለን ወርቅ በዳቦ ለውጦ መውሰድ ውል ይባላልን? ቤተ መዘክሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአፍሪካ ምሁራን ጋር ሆኖ ያ ጉዞ ቅርሶቹን በምን መንገድ እንደ ሰበሰበ የሚመረምር ትርኢት እስከ ማዘጋጀት ደርሷል። ነገር ግን ቍጣው እንደ በረደልን ሌላ ሐሳብ መጣ፤ እርሱም ይበልጥ ያሳፍራል። ጠዋት በኖትር ዳም ያየነው ጣራ ነበር፤ እዚህም ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከጣራ ነው። በዚያ ክረምት የአባ እንጦንስን ጣራ የሚከድን የጎንደር ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ ለውሉ መነሻ አይኖርም ነበር። እኛም ብንሆን ስንት ዓመት ተማሪዎቻችንን እየመራን ወደ ፋሲል ግቢና ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ አባ እንጦንስ አልወሰድናቸውም። ሥዕሉን ለማየት ባሕር መሻገር አስፈለገን።

በክፍሉ ውስጥ ምን እንደምናደርግ ግራ ገባን። ጫማ እናውልቅ ብንል ቤተ መቅደስ አይደለም፤ እንደ ሌላው ጎብኚ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንለፍ ብንል ልባችን አልፈቀደም። ዕጣን ሲታጠንላቸው፣ ማሕሌት ሲቆምላቸው የኖሩ ሥዕላት ናቸውና። በመጨረሻ ቆመን አማተብን፤ አቡነ ዘበሰማያትን በለሆሳስ ደገምን። ልጃችን ነጠላውን ከቦርሳው አውጥቶ መስቀለኛ ለበሰ። ዘበኛው አየን፤ ምንም አልተናገረም፤ እንዲያውም ከበሩ ጥቂት ፈቀቅ አለልን።

ስንወጣ ፀሐይ ከወንዙ ላይ ገና አልጠፋችም ነበር። ትንሿ ልጅ እጃችንን ይዛ፣ «የኔታ፣ ያ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ነው?» አለች። አዎን፣ አባትሽ ባደገበት ከተማ ያለ ነው አልናት።

«ታዲያ አሁን እዚያ ግድግዳው ላይ ምን አደረጉ?»

የፈረንሳይ ሠዓሊ የሣለውን ለጥፈው እንደ ነበር ነገርናት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያ የእነርሱ እዚያ፣ የእኛ እዚህ» አለች።

አባቷ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። በባቡሩ ውስጥ ልጅቱ በትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኛም ስለ ጥምቀት እናወጋ ጀመርን። በመጪው ጥር ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ጎንደር ሊመጣ አስቧል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቸኵሎ እንዳይመለስ፣ እስከ ጥር 22 ቀን እስከ አባ እንጦንስ ክብረ በዓል እንዲቈይ ነገርነው፤ ልጅቱንም እኛ ራሳችን ልንወስዳት ቃል ገባን።