ባሌስትራ

ከፍታ በቋንቋችን ክብር ነው። ስንመርቅ «ከፍ ያድርግህ» እንላለን፤ ስንረግም ውድቀትን እንመኛለን። አንድ ሰው ፒክአፑን ጋራዥ አስገብቶ ከመሬት ከፍ ሲያስደርገው፣ ብዙዎቻችን መኪናው የተሾመ ያህል የምናየው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ የሚቀመጠው ሰው ወገብ ግን ስለ ሹመቱ ሌላ ወሬ ያወራል።

ታላቅ ወንድሜ በመንዝ ገጠር የሚሠራበት ሂሉክስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ እንደ ወጡት ብዙዎቹ፣ ከፊት በጥቅል ሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ የቆመ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ሆዱን እየፋቀ አስቸገረው። ስለዚህ ከኋላ በየጎኑ 2 ተጨማሪ የባሌስትራ ብረቶች፣ ከፊት ደግሞ ሞላውን ጨምቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት አስገባበት። መኪናው ከፍ አለ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ።

እናታችን የወገብ ሕመምተኛ ናት። በየወሩ ለሕክምና ክትትል ከተማ የሚያደርሳት ይኸው መኪና ነው። ቀድሞ የምታማርረው አቧራውን ብቻ ነበር። አሁን ግን ወደ ጋቢናው ለመውጣት በርጩማ አስፈለጋት፤ ከተማ ደርሳ ስትወርድም ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ምነው በቅሎዬ በነበረች!» አለች። በሚቀጥለው ወር ቀጠሮዋ ሲደርስ «ተሽሎኛል» ብላ ቀረች። እንዳልተሻላት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ባሌስትራ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከጣልያንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ የጥንት ወታደሮች ፍላጻ ይወረውሩበት የነበረው የቀስት ዓይነትም በዚሁ ቃል ይጠራል። ስያሜው ተገቢ ይመስለኛል። ቀስቱ በጠነከረ ቁጥር ፍላጻው በኃይል ይወረወራል፤ እዚህ ላይ ፍላጻው ተሳፋሪው ነው። የፒክአፕ ባሌስትራ የተሠራው አንድ ቶን ያህል ጭነት እንዲሸከም ስለሆነ፣ ባዶውን ሲሄድ ከወትሮውም ግትር ነው። ብረት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ምቾት ያለው መኪና በሞላው ላይ የሚወዛወዘው በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ያህል ነው፤ በእርጋታ የሚነበብ ግጥም ምት ይመስላል። ሞላው ሲጠነክር ምቱ ይፈጥናል፤ የመንገዱም ንዝረት ሳይበርድ ወደ ወንበሩ ያልፋል። ተቀምጦ የሚጓዝን ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ንዝረት ነው።

ወንድሜን ያስደነቀው ሌላው ነገር፣ ያን ሁሉ ወጪ አውጥቶ የኋላው ዲፍረንሻል አንዲት ጣት እንኳ ከፍ አለማለቱ ነበር። ባሌስትራ የሚያነሣው ሻንሲውን ነው፤ ዲፍረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ወሰድነው። ከሥሩ ገብተው ብዙ ቆዩና ወጡ። «ልጆቼ፣ ጎማ መውጣት ብቻ ሳይሆን መውረድም አለበት» አሉን። አሞርዛተሩ የድሮው እንደሆነ፣ መኪናው ከፍ ሲል እሱም ተስቦ ሊያልቅ ጥቂት እንደ ቀረው አሳዩን። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ተከትሎ የሚወርድበት ስፍራ የለውም፤ እናታችንን ያሳመማት ያ «ጓ» የሚል ድምፅ አሞርዛተሩ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚያሰማው ነበር። ከፊትም ቀለበቱ ጎማው የሚወርድበትን መንገድ አሳጥሮታል።

ያን ዕለት የገባኝ ነገር ከመኪናም ይሰፋል። ምቾት ማለት ከጉድጓዱ በላይ መሆን አይደለም፤ መሬቱ ሲወርድ አብሮ ለመውረድ የሚያስችል ስፍራ ማትረፍ ነው። ከፍታውን በሙሉ አስቀድሞ የወሰደ፣ የሚወርድበት አይቀረውም።

መካኒኩ ቀለበቶቹን አወጡ፤ ከየጎኑም አንድ አንድ ብረት ቀነሱና ረዘም ያለ አሞርዛተር ገጠሙ። ወንድሜ ከፍታው ስለ ቀነሰበት ለጥቂት ቀናት አኩርፎ ነበር፤ በኮረኮንቹ ላይ ግን ቀስ ብሎ መንዳት ለመደ። እናታችን በኅዳር ቀጠሮዋን አከበረች። ስትመለስ በሩን ይዛ በዝግታ ወረደችና መኪናውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«በቅሎዬን አይደርስባትም» አለች፤ «ግን እሄድበታለሁ።»