ታብሌቱን ሩት ከማድረጋችን በፊት



እኛ ጫግኒ ውስጥ ያለን አራት ጓደኛሞች ነን። ሱቅ የለንም፣ እንጀራችንም በዚህ አይደለም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ገመድና ጊዜ አለን። ሰው ወደኛ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚለው «ይቺን ታብሌት ሩት አድርጉልኝ» ነው። ምን ፈልገህ ነው ስንለው ግን የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ አፕ አልጫን አለኝ፣ ማስታወቂያ አስቸገረኝ፣ ቦታ ሞላብኝ። ሩት ማድረግን ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት አድርጎ የነገረው ሰው አለ ማለት ነው።

ቃሉን እናፍታታው። አንድሮይድ ከስሩ ሊነክስ ነው፤ በሊነክስ ደግሞ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል። ታብሌት ስትገዛ ያንን ሥልጣን አይሰጡህም። እንደ ተከራይ ነህ፤ ትገባለህ፣ ትወጣለህ፣ ዕቃህን ታስቀምጣለህ፣ ግድግዳ ማፍረስ ግን አትችልም። ሩት ማድረግ የባለቤቱን ቁልፍ መውሰድ ነው። ችግሩ ቁልፉን አንተ ብቻ ሳትሆን በር ከፍተህ ያስገባኸው አፕ ሁሉ ሊጠይቅበት መቻሉ ነው።

ድሮ ለሩት በቂ ምክንያት ነበር። አንድሮይድ 2.2 እና 2.3 የነበራቸውን ስልኮች የያዘ ያስታውሳል፤ አማርኛ የተጻፈ ነገር ሲከፈት ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ነበር የሚታየው። የግዕዝ ፊደል በውስጣቸው አልነበረምና። የፊደሉን ፋይል ወደ ሲስተሙ ለማስገባት ሩት ያስፈልግ ነበር። ያኔ ስልኩን ሩት ያደረገ ሰው በቋንቋው ለማንበብ ብሎ ነው ያደረገው፣ እና ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ፊደላችንን ይዘው ስለሚመጡ ያ ምክንያት ዛሬ የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ረመዷን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ አባት ታብሌት ይዘው መጡ። ሳዑዲ ያለች ልጃቸው የላከችላቸው ነው። በዚያ ታብሌት ለሁለት ዓመት ያህል የአንድ ሼኽ ደርስ ሲቀዱ ነበር፤ ሼኹ ወደ አኼራ ሄደዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ ታብሌቱ ሲንቀራፈፍባቸው ወደ አንድ ሱቅ ወሰዱት። ሱቁ በአንድ ጠቅታ ሩት የሚያደርግ አፕ ጫነበት፣ ሂሳቡን ተቀበለና መለሰላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ራቁት ሴት የሚያሳይ ማስታወቂያ ይመጣል። ቁርኣን ከፍተው ሲያዳምጡ ሳይቀር። ልጆች ፊት ማውጣት አፈሩ። አፕ ሲጭኑ አልተጫነም ይላል፣ የሶላት ሰዓቱም ተዛብቷል። ሌላ ሱቅ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ እናጥፋውና እንጀምር» ብሏቸዋል።

ለኛ ያሉን ግን ይህን ነው፦ «ልጆቼ፣ ታብሌቱ ቢበላሽ ይበላሽ። የሼኻችን ድምፅ እንዳይጠፋ ግን አደራ።» ሌላ ቅጂ እንዳለ ጠየቅናቸው። የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሩትም አይደለም፣ ማስታወቂያም አይደለም። ድምፁን ማውጣት ነው። ታብሌቱን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነው፤ ቻርጅ ያደርጋል፣ ላፕቶፑ ግን አያየውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታብሌቱ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ርካሽ ገመዶች ውስጥ ኃይል ብቻ የሚያስተላልፉ፣ የመረጃ ሽቦ የሌላቸው አሉ። ከፌስታሉ ሦስተኛው ገመድ ሠራ። ቀጥሎ ታብሌቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ጎትተን ከ«ቻርጅ ብቻ» ወደ «ፋይል ማስተላለፍ» ቀየርነው። 61 ቅጂ፣ ሁለት ጊጋ አካባቢ። ወደ ላፕቶፑ ገለበጥን፣ ከላፕቶፑ ወደ ሁለት ፍላሽ ገለበጥን፣ ቁጥሩን አነጻጸርን፣ ከመጀመሪያውም ከመሐሉም ከመጨረሻውም እየከፈትን አዳመጥን። አንዱን ፍላሽ እዚያው ለሳቸው ሰጠናቸው። ይህን ሳያደርግ ታብሌት የሚነካ ሰው ካጋጠማችሁ ታብሌታችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ሩት ለማድረግ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቡትሎደር የሚባለው መክፈት ስላለበት፣ እሱ ሲከፈት ደግሞ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ማስጠንቀቂያው ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ ማን ያነበዋል!

ከዚያ ቀኑን አየን። ታብሌቱ «2017» ይላል። አባታችን በራሳቸው እጅ በሀገራችን አቆጣጠር አስተካክለውት ነው፣ ሰዓቱንም እንደ ሀበሻ። ለሰው ልክ ነው፣ ለታብሌቱ ግን ከስምንት ዓመት በፊት ማለት ነው። ታብሌት ከፕሌይ ስቶር ወይም ከማንኛውም አስተማማኝ ድረ ገጽ ጋር ሲገናኝ የሌላኛውን ወገን የምስክር ወረቀት ይመረምራል። ወረቀቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል አለው። ታብሌቱ ያለው 2017 ላይ ከሆነ ወረቀቱ «ገና አልተጻፈም»፤ ስለዚህ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ይዘጋል። ሰው ኔትወርክ የለም ይላል፣ አፑ ተበላሽቷል ይላል፣ ሩት ይደረግ ይላል። ቀኑን ስናስተካክል ፕሌይ ስቶር ተከፈተ። በጫግኒ እጃችን ላይ ከገቡት መሣሪያዎች ይህ ነገር ስንት ጊዜ እንዳጋጠመን አንቆጥረውም። ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ አዲስ አበባን ካጣችሁ ናይሮቢን ምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው። ከሳዑዲ የመጣ ታብሌትም እንዲሁ ልክ ነው፤ ከዱባይ የመጣ ግን አንድ ሰዓት ይቀድማል።

አፕ አልጫን ማለቱ የራሱ ታሪክ አለው። በ2015 ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አፕ ከእጅ ወደ እጅ ነበር የሚሄደው፤ በሜሞሪ፣ በብሉቱዝ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በሚልኩ አፖች። ልማዱ እስከዛሬ አልለቀቀንም። እንዲህ የመጣ የኤፒኬ ፋይል ሲከፈት «ፓኬጁን ማንበብ አልተቻለም» ካለ ወይ መንገድ ላይ ተቆርጦ ግማሹ ነው የደረሰው፣ ወይ አፑ ከታብሌቱ የበለጠ አዲስ አንድሮይድ ይፈልጋል። «አልተጫነም» ካለ ደግሞ ቦታ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ያው አፕ ቀድሞ ከሌላ ምንጭ ተጭኖ ፊርማቸው አልገጠመም፤ የቀድሞውን አጥፍቶ መጫን ነው። ሌላም አለ። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ነሐሴ ጀምሮ ፕሌይ ስቶር አዳዲስ አፖችን የሚቀበለው ለየመሣሪያው ተከፋፍለው በሚወርዱበት መልክ ነው። ከጓደኛህ ስልክ አንዱን ፋይል ብቻ ነጥለህ ስትወስድ እጅጌ የሌለው ጃኬት ነው የወሰድከው። ቢጫን እንኳ ሲከፈት ይወድቃል። እነዚህን አንዳቸውንም ሩት አይፈታቸውም።

ማስታወቂያው ግን የምር ሥራ ነበር። እንዲህ ያለው «ፋብሪካ ሪሴት» ቢደረግም ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሪሴት የሚያጠፋው የተጠቃሚውን ክፍል ነው፣ ሲስተሙን አይነካም። ያ የአንድ ጠቅታ አፕ ደግሞ የባለቤቱን ቁልፍ ይዞ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ቤቱን ጠርገህ ጨረስክ፣ ሌባው ግን ጣሪያው ላይ ነው። መፍትሔው የኩባንያውን የራሱን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቡትሎደር መክፈትም አያስፈልግም።

ሶፍትዌሩ ከሞዴሉ ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻዋ ፊደል መግጠም አለበት። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ታብሌቶች፣ አንዱ ሲም የሚቀበል አንዱ የማይቀበል፣ ሶፍትዌራቸው ይለያያል። የማይገጥመውን ከጫንክ አርማው ላይ ቆሞ ይቀራል። ፋይሉ ከአንድ ጊጋ በላይ ስለሆነ በኛ ዳታ የሚታሰብ አልነበረም። ኢንጅባራ የምትማር እህት ሌሊት አውርዳ በፍላሽ፣ ፍላሹን በመኪና ላከችልን። ሦስት ቀን ጠበቅን። ከዚያ ደግሞ መብራት። ሶፍትዌር እየተጫነ ላፕቶፑ ቢጠፋ ታብሌቱ እስከ ወዲያኛው ሊተኛ ይችላል፤ የኛ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ አርባ ደቂቃ ነው። ሁለቱንም እስከ ጫፍ ሞልተን፣ ከዒሻ በኋላ፣ ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። ሥራው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ታብሌቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ግን አርማው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ማጥፋት ነው ብዙ ታብሌት የሚገድለው። ዝም ብለን ተቀመጥን። ተነሳ። ማስታወቂያው የለም፣ ሩቱም የለም።

ከመሐላችን አንዱ «አሁን በደንብ ሩት እናድርገው» አለ። ተከራከርን። የሱ ሐሳብ ባዶ አልነበረም፤ 8 ጊጋ ባለው ታብሌት ኩባንያው የጫናቸው የማይፈለጉ አፖች ቦታውን ይዘውታል። ግን የሚሠራበት ሰው ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ገንዘብ ስትልክ በዚያው ታብሌት በባንክ አፕ ነው የሚያዩት። ብዙ የባንክ አፖች ሩት የተደረገ መሣሪያ ሲያዩ አንሠራም ይላሉ፣ ባይሉም እኛ አንደፍርም። ስለዚህ ሌላውን መንገድ ሄድን። ሴቲንግ ውስጥ የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ መታ መታ ስታደርጉት የገንቢዎች ምርጫ ይከፈታል፤ እዚያ የዩኤስቢ ማረሚያን አብርታችሁ በላፕቶፕ በኤዲቢ ትዕዛዝ አንድን አፕ ለተጠቃሚው ብቻ ማንሳት ይቻላል። ላፕቶፑ «አልተፈቀደም» ካላችሁ የታብሌቱን ስክሪን እዩ፣ ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ዋናው ፋይል ከሲስተሙ አይጠፋም፣ ያከማቸው ግን ይለቀቃል፣ ከጀርባም አይሠራም። አንድ ጊጋ ተኩል አገኘን። ሥራው ሲያልቅ ማረሚያውን ማጥፋት እንዳትረሱ።

በነገራችን ላይ የሀገራችን በጣም ዝነኛ የታብሌት ታሪክም ሩት ስለማድረግ ነው ይባላል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀመጠላቸው፤ ቻርጅ በፀሐይ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ «አንድሮይድን ሰበሩት» ብለው ተናገሩ፣ ዓለምም ተቀባበለው። የሆነው ካሜራው ተዘግቶ ነበርና ልጆቹ ከፈቱት፤ እንዳይቀየር የተቆለፈውን ገጽም ሁሉም በየፊናው አስተካከለው። እኛ እንደሚገባን ይህ ሩት አይደለም፣ የሴቲንግን አጥር መዝለል ነው። ግን ይህ ልጆቹን አያሳንሳቸውም። እንዲያውም ያደረጉት ነገር ከሱቁ የአንድ ጠቅታ ሥራ ይበልጣል፤ እያንዳንዱን እየነኩ፣ ምን እንደተለወጠ እያዩ ነውና የደረሱበት።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ እናድርግ። «የጉግል አካውንት ተቆልፎብኛል፣ አልፉልኝ» ብሎ የሚመጣ አለ። የራሱ ከሆነ በኢሜይሉ ወይም በስልክ ቁጥሩ ይመልሰዋል፣ እናግዘዋለን። «ከአንድ ልጅ በርካሽ ገዛሁት» ካለ አንነካውም። ያ ቁልፍ የተሠራው የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሸጥ ነው፤ የሰው ሐቅ ያለበትን መክፈት ደግሞ የኛ ሥራ አይደለም።

የቀረው የሶላት ሰዓቱ ነበር። ቀኑና ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላም ልክ አልመጣም፤ አፑ ከተማ ሲጠይቅ ጫግኒ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች አዲስ አበባ ተመርጧል። ይህን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ጫግኒ በግምት 36 ነጥብ 5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 38 ነጥብ 75 ላይ። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሻገር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት እኛ ዘንድ የምትጠልቀው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፣ እንደ ወቅቱ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። በአዲስ አበባ ሰዓት ያፈጠረ የጫግኒ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈጠረ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሞ! አፑ ቦታን በጂፒኤስ እንዲያይ ፈቃድ ስጡት፤ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ደጅ ወጥቶ ጥቂት መጠበቅ ብቻ ነው። ታብሌታችሁ ጂፒኤስ ከሌለው 10 ነጥብ 95 ሰሜን፣ 36 ነጥብ 5 ምሥራቅ ብላችሁ በእጅ ጻፉ። የዐስር ሰዓት በጣም ዘግይቶ ካሳያችሁ ደግሞ አፑ በሐነፊ አቆጣጠር ላይ ነውና የሰፈራችሁ መስጂድ የሚከተለውን አይታችሁ ቀይሩት።

አባታችን ታብሌቱን ሲወስዱ አራት ቀን ያህል መግሪብን ከሙአዚኑ ጋር እያነጻጸሩ እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። በአራተኛው ቀን ደወሉ፤ ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም አሉ፣ ሙአዚኑ ነው የሚዘገየው። እኛም በሙአዚኑ ያፍጥሩ አልናቸው።