የሁለት ቀን መንገድ

ሰው አገር ለማየት ሲመኝ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቁ ይጀምራል። አንዱን ወጣት «የት ብትሄድ ደስ ይልሃል?» ብለህ ብትጠይቀው፣ ላሊበላን፣ አክሱምን፣ የስሜንን ተራራ፣ አለዚያም ከባሕር ማዶ ያለውን ከተማ ይጠራልሃል እንጂ፣ ማለዳ ከቤቱ ተነሥቶ ለምሳ የሚደርስበትን ስፍራ አይነግርህም። ምኞቱ መልካም ነውና እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ረጅም ጉዞ ረጅም ዕረፍትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ዕረፍቱ ሲገኝ ገንዘቡ እየጠፋ፣ ገንዘቡ ሲገኝ ዕረፍቱ እየታጣ፣ ወጣቱ ጎልማሳ፣ ጎልማሳውም ሽማግሌ ይሆናል። በዚህ መካከል ቅዳሜና እሑድ በዓመት 52 ጊዜ እየመጡ ያልፋሉ። ሰርጉ፣ ለቅሶው፣ ልብስ አጠባውና የቤቱ ጣጣ 40ውን ቢወስዱብህ እንኳ 12 ይተርፉሃል። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነጋግርህ የፈለግሁት ስለነዚህ ስለ ተረፉት ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ አጭር ጉዞ ከረጅሙ ጉዞ የተቆረጠ ቁራጭ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በአሥራ አምስት ቀን የሚታየውን በሁለት ቀን አያለሁ ብሎ የሚሮጥ ሰው የሚያየው የመኪናውን መስታወት ብቻ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ነገር፣ ቢበዛም እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ ሁለት ሦስት ነገሮች ማየት ይቻላል፤ ከዚያ የበለጠ ግን አይቻልም። ይህ ጠባብነቱ ግን ጉዳት አይደለም። ጊዜው ጥቂት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ልቡን አይበትንምና፣ አንዱን ነገር ቆሞ ይመለከታል፤ ያልገባውን ይጠይቃል።

የዚህን ተቃራኒ ማየት የሚፈልግ ሰው እሑድ ቀን ወደ ቢሾፍቱ ይውረድ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ የተቀመጡት የምድር እሳት ባፈነዳቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ግለት ከውሃ ጋር ተገናኝቶ መሬቱን ወደ ላይ ስለ በተነው እንደ ገበቴ ያለ ጥልቅ ስፍራ ቀርቶ፣ ኋላ ውሃ ሞላው። ይህ ሁሉ ነገር በዓይን ፊት ተዘርግቶ ሳለ፣ ብዙው ጎብኚ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ በከተማው የሚበላውን ጥብስ እዚያም ይበላል፤ በከተማው የሚያወራውን ወሬ እዚያም ያወራል፤ አሥር ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። ማረፉን አልከለክልም፤ ድካም ላለበት ሰው ጥላ ሥር መቀመጥ ራሱ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን አገር አየሁ እንዳይል።

በበኩሌ ለአንድ ቀን የምመርጠው የቡታጅራን መንገድ ነው። ምክንያቱም በአንድ መስመር ላይ ሦስት ዓይነት ዘመን ተሰልፎ ስለሚገኝበት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወጥተህ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ የአዋሽን ወንዝ በድልድይ ትሻገራለህ። ስፍራው መልካ ቁንጥሬ ይባላል። እዚህ በወንዙ ዳርና ዳር የጥንት ሰዎች ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የጠረቧቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ክብ ጎጆ በሚመስሉ ትንንሽ ቤቶች ውስጥም ተሰብስበው ይታያሉ። ከመካከላቸው ባልጩት የሚባለው ጥቁርና አንጸባራቂ ድንጋይ ይገኛል፤ ባልጪት የተባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው። ስፍራዎቹ መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በሚል ስም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል።

መሣሪያዎቹ እንዴት እንደ ታወቁ ልንገርህ፤ ለያዝነው ነገር ይጠቅማልና። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቦታውን ለሊቃውንት ያሳወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ ሰው ነበር። ይህ ሰው ሥራው የውሃ ጥናት እንጂ የጥንት ድንጋይ ፍለጋ አልነበረም። በዚያ መንገድ ከእርሱ በፊት ስንቱ ነጋዴ፣ ስንቱ ወታደር፣ ስንቱ ሹፌር አልፏል! ከርሱ በኋላ ግን ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ ቆፍረውበታል። እንዲህ ያለ ነገር ለሁሉ አይገጥምም፤ አንተም መጥረቢያ ድንጋይ አገኛለሁ ብለህ አትሂድ። ብታገኝም ካለበት አታንሣው።

ከዚያ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ታጥፈህ በጥርጊያው ስትገባ አዳዲ ማርያምን ታገኛለህ። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊቱ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ታነጸች ይላል። ከሩቅ የሚታይ ጉልላት ስለሌላት ያላወቀ ሰው አጠገቧ ደርሶ «የታለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጣራዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነውና። ላሊበላን ለማየት ገንዘብ እስካገኝ ብለህ የምትጠብቅ ከሆነ፣ የእህቷ ያህል የምትሆን ከቤትህ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ መኖሯን ዕወቅ።

ወደ አስፋልቱ ተመልሰህ ወደ ደቡብ ስትቀጥል ጢያ አለ። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ80 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚያ የቆሙት ድንጋዮች 36 ሲሆኑ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የብዙዎቹ ቅርጽ ሰይፍ ነው፤ ትርጉሙ እስከ ዛሬ ያልተፈታ ሌላም ምልክት አለባቸው። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ነገር ግን ሊቃውንት ቆፍረው እንደ ተረዱት ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን ቀድመው የተተከሉ የመቃብር ምልክቶች ናቸው።

ይህን የምነግርህ መንገድ ለመምራት ብቻ አይደለም። በዚህ በጢያ ያየሁት አንድ ነገር ስላለኝ ነው።

ያሳደጉኝ አክስቴ የተወለዱት ከጢያ ብዙም በማይርቅ በሶዶ መንደር ነበር። በዘጠኝ ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተመለሱም። የሚያግዳቸው ሰው አልነበረም። «ክረምቱ ይውጣ» ይላሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ «የልጁ ሰርግ ይለፍ» ይላሉ፤ ሰርጉ ሲያልፍ «ጉልበቴ ይሻለኝ» ይላሉ። ጉዞውን ከሚገባው በላይ ስላከበሩት ነው። ባዶ እጅ አይገባም፤ ለዘመድ ሁሉ ልብስ መያዝ አለበት፤ አንድ ወር መቀመጥ አለበት ይሉ ነበር። በዚህ ዓይነት ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ።

አንድ ዓርብ ማታ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሙና «ነገ ማለዳ ቡታጅራ ለቅሶ ልደርስ እወርዳለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ አለኝ» አሉን። እኔ በዚያ ሳምንት የነበረብኝን ሥራ ዓርብ ቀን ጨርሼ ነበር። ወደ አክስቴ ዞሬ «እትዬ፣ ይሄዳሉ?» አልኋቸው። የተለመደውን ምክንያት ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን የጠየቁት «ስንት ሰዓት ነው የሚነሡት?» ብለው ብቻ ነው። ነጠላቸውን አጥፈው ወንበር ላይ አኖሩ፤ ጫማቸውን ከበሩ አጠገብ አደረጉ፤ ሁለት ኪሎ ስኳርና ጥቂት ቡና በፌስታል ቋጠሩ። ለስድሳ ዓመት የተፈራው መሰናዶ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ጢያ የደረስነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ድንጋዮቹን እኔ እየዞርሁ ሳይ፣ አክስቴ ግን ብዙም አልተደነቁባቸውም። «ጥጃ ስንጠብቅ ፀሐይ ሲከርብን ከጥላቸው እንቀመጥ ነበር» አሉኝና ምንጩን ፍለጋ ሄዱ። ምንጩ በነበረበት ቦታ ዛሬ ቦኖ ቆሟል። ጀሪካን ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት አገኙና ሰላምታ ሰጧቸው፤ ሰላምታውም በአማርኛ አልነበረም፤ በክስታንኛ ነበር። መጀመሪያ ቃሉ እየጠፋቸው ቆም ይሉ ነበር። አሮጊቷ አንዱን ቃል ሲያቀብሏቸው ሌላው ራሱ ይመጣል። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም በአንድ ነገር ሳቁ። ምን እንደ ተባባሉ እኔ አልሰማሁም፤ ቋንቋውን አላውቀውምና። ግን ከእርሳቸው ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬ እንደዚያ ያለ ሳቅ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ የልጅ ሳቅ ነበር። አሮጊቷ ወደ ቤታቸው ወሰዱን፤ ቆጮ በአይብ ቀረበልን፤ ቡና ተፈላ። ስኳሩ በቂ ሆነ፤ ልብስ የጠየቀ ዘመድም አልነበረም። አሥር ሰዓት ሲሆን መኪናው መጣ። በጠቅላላው የቆየነው ሰባት ሰዓት ነው።

አክስቴ ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ ዐረፉ። በታመሙበት ጊዜ ሊጠይቃቸው ለሚመጣው ሰው ሁሉ ያቺን ቅዳሜ ሲተርኩ፣ አንድ ወር የቆዩባት ይመስል ነበር።

እንግዲህ ድንገተኛ መንገድ ማለት እንዲህ ያለ ነው። በኛ አገር ይህ ዕድል ብዙ ነው፤ ሰው ለለቅሶ ይወርዳል፤ ለክርስትና ይጠራል፤ ለንግሥ ይሄዳል፤ ዕቃ ሊያደርስ የሚወጣ መኪና ጋቢናው ባዶ ይሆናል። ዕድሉን የሚያገኘው ግን ልቡ የቸኮለ ሳይሆን እጁ ነጻ የሆነ ሰው ነው። የዓርቡን ሥራ ለሰኞ ያቆየ፣ የተበደረውን ያልመለሰ፣ ለእናቱ «ቅዳሜ ቤት አለሁ» ብሎ ቃል የሰጠ ሰው ባዶው ቦታ ቢቀርብለት እንኳ ሊቀመጥበት አይገባውም። አንዳንድ ወጣት የያዘውን ጉዳይ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ጥሎ በድንገት መጥፋትን ነጻነት ይለዋል። እኔ ነጻነት አልለውም፤ ያ ሌላው ሰው ቅዳሜውን አጥቷልና።

«ገንዘብስ?» ትለኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ተማሪ የአውቶቡስ ዋጋ ራሱ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሂሳቡን በቁም ነገር አስበው። አጭር ጉዞን ውድ የሚያደርገው መንገዱ ሳይሆን አዳሩና ግብዣው ነው። ማለዳ ወጥቶ ሳይመሽ ለሚመለስ፣ ዳቦውንና ውሃውን ከቤቱ ለያዘ ሰው ከመሳፈሪያውና ከመግቢያው በቀር ብዙ ወጪ የለበትም። እርሱም ቢቸግር በእግር የሚደረስበት አለ። የእንጦጦን ጫካ አዲስ አበባ ተወልዶ ያልወጣበት ሰው ስንት ነው? በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴ ያለህ አንባቢም በየከተማህ ዙሪያ እንዲህ ያለ ስፍራ አታጣም።

የመንገዱን ሰላም ግን አስቀድመህ ጠይቅ። በቅርቡ ዓመታት ፀጥታቸው የታወከ መንገዶች ስላሉ፣ ትናንት ደኅና የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል፤ ከመናኸሪያው ሹፌሮችና እዚያ ከሚኖር ሰው ሳይጠይቁ መሄድ ድፍረት አይባልም። የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ሰዓት ለቤተ ሰብ ተናግረህ ውጣ። እንግድነትህንም አታርዝም፤ ገጠር ያለ ሰው የሌለውን ያቀርባልና፣ ቡና ወይም ስኳር ሳትይዝ አትግባ። ቡናው ከተጠጣ በኋላም ሁለተኛ ምግብ እስኪሠራ አትጠብቅ። ሰውን ፎቶግራፍ ከማንሣትህ በፊት አስፈቅድ። ስልክህን በኪስህ አድርገህ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ግማሽ ሰዓት ብትቀመጥ፣ ከመቶ ፎቶግራፍ የማታገኘውን ትሰማለህ። የሰማኸውን ያኑ ማታ ሳትተኛ ጻፈው፤ ሰኞ ጧት ግማሹ ይጠፋል።

ስለ አዳዲ ማርያም አንድ ነገር ልጨምር። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጥርጊያ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ስለሚሆን ለትንንሽ መኪና ያስቸግራል። መስከረም ከጠባ በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ያን ጊዜ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ጤፍ ገና አረንጓዴ ነው፤ አደይ አበባውም አልረገፈም።