«ሴት ደግሞ ወንድ ትደፍራለች እንዴ?»

በቀደም ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ከሰፈር ልጆች ጋር ካፌ ቁጭ ብለን ጨዋታው ደርቷል። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በ12 ዓመቱ የግቢያቸው ተከራይ የነበረች ሴት ያደረገችበትን ጀመረልን። ሳይጨርስ ሳቁ ፈነዳ። «አንተ ዕድለኛ! ሴት ደግሞ ወንድ ትደፍራለች እንዴ?» አሉት። እሱም አብሮ ሳቀ። የያዘው ማኪያቶ ግን በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ውድ አንባቢያን፣ አዎ ትደፍራለች። ሕጉም ያውቀዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 621 ወንድን አስገድዳ ግንኙነት የፈጸመች ሴት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ትቀጣለች ይላል። ልጁ 13 ዓመት ሞልቶት 18 ካልሞላው እስከ 7 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል።

እሺ፣ ተፈረደባት እንበል። ከዚያስ? ወህኒ ቤቱን «ማረሚያ ቤት» ብለነዋል። ታዲያ ምኗ ነው የሚታረመው? ጥልፍና ልብስ ስፌት መማሯ ደግ ነው፤ ስትወጣ እንጀራ ይሆናታል። ስለ ሠራችው ነገር ግን መርፌው አይጠይቃትም።

ለወንዶች የተዘጋጀውን ትምህርት ገልብጦ መስጠትም አያዋጣም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ፍራንካ ኮርቶኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 10 ጥናቶችን አንድ ላይ አይተው ነበር። በወሲብ ወንጀል ከተያዙት 2,490 ሴቶች መካከል ወደዚያው ወንጀል የተመለሱት ከመቶ 3 አይሞሉም፤ ከወንዶቹ በጣም ያንሳል። ብዙዎቹ ደግሞ በልጅነታቸው ራሳቸው የተጠቁ ናቸው። ከወንድ ጋር ሆነው፣ አንዳንዴም በወንድ ተገደው ያጠፉም አሉ።

እንግዲህ ለእሷ የሚዘጋጀው ፕሮግራም በልኳ ይሰፋ። ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ለብቻዋ ትነጋገር፤ «ልጁ ራሱ ፈልጎ ነው» የምትለው ሰበብ እዚያው ይፍረስ። የራሷም ቁስል ይታይላት፣ ማምለጫ ግን አይሁናት። ካለ እሱ መኖር አልችልም የምትለው ወንድ ካለ፣ ያለ እሱ የምትቆምበት ገቢ ይታሰብላት። ስትወጣ ደግሞ ሥራዋ ሞግዚትነት አይሁን!

ይኼ ሁሉ የሚመጣው ግን ወንጀሉ ወንጀል ነው ተብሎ ሲታመን ነው። ያልተከሰሰች ሴት አትታረምም። እህት ወንድሞቼ፣ አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግራችሁ አስጨርሱት፣ እመኑትም። የእሱ መዳንም የእሷ መታረምም የሚጀምረው ከዚያ ነው።