የእህቴ ኳስ

ታናሽ እህቴ እዚህ አሜሪካ ለትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል ትጫወታለች። አንድ ቀን ኳሷን 61 ሜትር ላይ ካለው አጥር አሻግራ እየሳቀች ስትመጣ፣ «ይሄ ምን ይደንቃል? እ.ኤ.አ. በ2019 ኖማር ማዛራ ቤዝቦሉን 154 ሜትር ገደማ ልኮታል እኮ!» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

በፊዚክስ ትምህርት አየር በሚበር ነገር ላይ የሚያሳድረውን ተቃውሞ ስንማር ግን አፈርኩ። ቤዝቦል ዙሪያው 23 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 145 ግራም ገደማ ነው፤ ሶፍትቦል ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትርና 190 ግራም ገደማ። ክብደቱ 1.3 እጥፍ ሲሆን አየር የሚገጥመው ስፋቱ ግን 1.7 እጥፍ ነው። ስለዚህ በእኩል ፍጥነት ቢነሱ እንኳ ትልቁን ኳስ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል። ወርዋሪዋም የምትቆመው 13 ሜትር ላይ ነው፤ በቤዝቦል ከ18 ይበልጣል። መቺዋ የማሰቢያ ጊዜ የላትም።

ቅዳሜ ሜዳ ወርጄ ራሴ ሞከርኩት። አሥር ጊዜ መትቼ አንዷም አጥሩ ጋ አልደረሰችም። እህቴ ኳሶቹን እየለቀመች «ምን ይደንቃል አልነበር ያልከው?» አለችኝ።

«ይቅርታ» አልኳት። ያን ቀን ታረቅን።