የማን ቤት ነው?

ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ገና ስወርድ አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ራምቦ ቤት ልውሰድዎት?» አለኝ። የፊልሙን ባለጠመንጃ ማለቱ አይደለም፤ ፈረንሳዊውን ባለቅኔ አርተር ራምቦን ነው። ተከተልኩት። ያለፍንበት መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንደር ነው፤ ስሙንም ያወጣለት የስፌት መኪናው ጫጫታ ነው። ከዚያ ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ታጠፍን።

የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ለመንገደኛ ጀርባውን ይሰጣል። ውበቱ ከግቢው በር ወዲያ ነው፦ ነደባ የሚሉት ደረጃ ደረጃ መደብ፣ ቀይ አፈሩ፣ ግድግዳውን የሞላው ሳህንና ስፌት። ጎረምሳው ያሳየኝ ይኼኛው ቤት ግን የእንጨት በረንዳውን ወደ ውጭ አውጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ያያል። ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የመጡት ሕንዳውያን እንዲህ ያለውን ፎቅ ቤት ይዘው መጡ፤ ዩኔስኮም የሐረርን ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን የአሠራር ዓይነት ከጌይ ጋር ጎን ለጎን ጠቅሶታል።

ታዲያ ራምቦ ከየት መጣ? ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ቡናና ቆዳ ለሚነግድ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በ37 ዓመቱ ማርሴይ ላይ ሞተ። ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው! ቀድሞ በቦታው በነበረ ሌላ ቤት ኖሯል የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንበል።

ውስጡ ገብቼ የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ተራ በተራ አየሁ። ከዚያ አንገቴን ቀና ሳደርግ ፎቶዎቹን ረሳኋቸው። ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ነው፤ በባለቀለሙ መስታወት የገባው ብርሃን ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ያደሱት ሰዎች ይህን ማትረፋቸው ብቻ ያስመሰግናቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ሄድኩ። እሱም የሕንድ እጅ ያረፈበት ነው። ብዙ ቤተሰብ ተከራይቶ እንደሚኖርበት ተራ ግቢ ሆኖ ከቆየ በኋላ ታድሶ፣ አብዱላሂ ሸሪፍ በራሳቸው መኖሪያ ቤት ሲያሰባስቡት የኖሩት ቅርስ ገባበት፦ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴ። ያረጁ መጻሕፍትን የሚጠግኑትና የሚደጉሱትም እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የነጋዴ ቤት የሚሠራው ብርሃንና ነፋስ እንዲገባው ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ጠላቱ ደግሞ ብርሃን ነው። መስኮቱን ብትዘጋው ቤቱን ገደልከው፣ ብትከፍተው መጽሐፉን። በየቀኑ መጋረጃ የሚስበውና የሚገልጠው ሰው ሥራ ቀላል አይደለም።

ፈቃዱ ቢሰጠኝ የራምቦ ቤት በር ላይ አንድ መስመር አስጽፍ ነበር፦ «ይህን ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው።» እስከዚያው፣ ሐረር የምትሄዱ ሁሉ፣ ከፎቶዎቹ በፊት ጣሪያውን እዩልኝ።